የፊተኛው ወንበር

«ኧረ ቁጭ በይ በናትሽ» አለቻት የባሏ ታላቅ እህት። «ሰውየው ገና አልጠጣም።»

ልብስ ሰፊዋ ዝቅ ብላ ብታይ እውነትም ብርጭቆው ከግማሽ በላይ ሻይ አለው። ለቅሶ ሊደርስ ከመጣ እንግዳ እጅ ነጥቃ ወደ ጓዳ ልትሮጥ ነበር። እንግዳው ጨዋ ስለሆነ ባዶ እጁን እንደዘረጋ ጠበቀ። መልሳ አስጨበጠችውና ዓይኗን ወደ ሌላ ብርጭቆ ላከች።

ባሏ ከተቀበረ ወዲህ እንዲህ ናት። ሰው ሲገባ ትነሳለች፣ ሰው ሲወጣ ትነሳለች፣ የሚገባም የሚወጣም ሲጠፋ ደግሞ ዝም ብላ ትነሳለች። ወንበር ታስተካክላለች፤ የተስተካከለውን ታዛንፍና እንደገና ታስተካክላለች። ለቀስተኛው በየተራ «አረፍ በይ እንጂ» ይላታል። እሷም «እሺ» ትላለች፣ ከልቧ ነው፣ እግሯ ግን አይሰማትም። ከእግሯ የባሱት ደግሞ ክንዶቿ ናቸው። ባሏ አልጋ ከያዘ ጀምሮ በየማለዳው በብብቱ ሥር እጇን አስገብታ፣ ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ ከአልጋው አንስታ ወንበር ላይ የምታስቀምጠው እሷ ነበረች። አሁንም ሲነጋ ክንዶቿ ቀድመዋት ይነቁና የሚያነሱት ያጣሉ። ቀኑን ሙሉ የሰው ብርጭቆ ሲቀሙ የሚውሉት ለዚህ ነው።

ልጇ ከእንግዶቹ መሀል ተነስቶ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። ሌላ ከተማ ቢሮ የሚሠራ፣ ለቅሶውንም እንደ ስብሰባ በሥርዓት የያዘ ልጅ ነው። «እማዬ፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ መኪና ነገ ጠዋት ይመጣል። አውሮፕላኑን እኔ እዚህ እያለሁ ቢወስዱት ይሻላል ብዬ ነው። አባዬም ለተማሪዎቹ ይሁን ብሎ የለ?»

«ብሏል።»

«ቅር ካለሽ ልንገራቸው።»

«ምን ቅር ይለኛል?» አለችና ተነሳች። «ሻይ ላምጣ።»

ቅር ብሏታል። አውሮፕላኑ ለተማሪ መሰጠቱ አይደለም፤ ባሏ ራሱ በጤናው ጊዜ የተናገረው ነገር ነው። የከነከናት ሌላ ነው። ባሏ በእጁ በሠራው በዚያ አውሮፕላን ያልወጣ የሰፈር ሰው የለም። ይህችው ቁጭ በይ ባይ የባሏ እህት እንኳ አንድ ጊዜ ወጥታ፣ እየጮኸች ሄዳ እየጮኸች ተመልሳለች። ክንፉን የሰፋችው ሚስት ግን አንድም ቀን አልተቀመጠችበትም። ነገ ጠዋት ደግሞ መኪናው ይመጣል።

ፔርሙዙን ይዛ ስትመለስ ጥግ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ይንሾካሾካሉ።

«ነፍሱን ይማረውና» ይላል አንደኛው፣ «እኔ በር አዝዤው እሱ ክንፍ ያበጃል። ክረምቱን በሬ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅዬ ነው የከረምኩት።»

«በሩስ እንዴት ነው?»

«በሩማ» አለ ሰውየው። «እስከ ዛሬ ሲጥ ብሎ አያውቅም።»

ባሏ አናጺ ነበር፤ የበርና የመስኮት። አውሮፕላን የመሥራት ነገር ከየት እንደያዘው ማንም አያውቅም፤ ሲጠየቅም «ሁልጊዜ መስኮት ስሠራ ወደ ውጭ ማየት ለመደብኝ» እያለ ያሾፍ ነበር። ዋናው የክንፍ ጣውላ ከአናጺ ቤቱ ስለረዘመ የመኝታ ቤታቸውን መስኮት ነቅሎ በዚያ አሳለፈው። አንድ ክረምት ሙሉ ከእግራቸው በላይ ጣውላ ተጋድሞ ተኙ። እሷ መጀመሪያ አኮረፈች፣ ቀጥላ የታጠበ ልብስ ታሰጣበት ጀመር። የክንፉ አጥንት ሲያልቅ ጨርቅ ማልበሱ የእሷ ሥራ ሆነ። ረጅሙን በስፌት መኪና፣ የቀረውን በቆልማማ መርፌና ሰም በጠጣ ክር አንድ በአንድ ሰፋችው። እሱ ቫርኒሽ እየቀባ ወጠረው። ያን ሰሞን የሚበሉት ወጥ ሁሉ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይል ነበር።

መጀመሪያ የበረረ ቀን ከከተማው ዳር ያለው ሜዳ በሰው ተሞላ። ጣሪያ የሌለው፣ ሁለት ወንበር ፊትና ኋላ የተደረደረበት፣ ሞተሩ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ነገር ነው። አብራሪው ከኋላ፣ ተሳፋሪው ከፊት። ዞሮ ዞሮ ሲያርፍ መነጽሩ ላይ ትንኝ ተለጥፎ፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ፣ «አንድ ክር አልተነቃነቀም» አላት። «ነይ ውጪ።»

«እኔ?» አለችው። «ሰፊዋ እኔ አይደለሁ? ስፌቴን አውቀዋለሁ። የግራውን ጫፍ የሰፋሁት ከቀሚስ ደንበኛዬ ጋር እየተጨቃጨቅሁ ነው።»

«እኔም ስፌትሽን አውቀዋለሁ» አለ። «ለሱ ብዬ ነው የምወጣው።»

በየቅዳሜው «ትመጪያለሽ?» ይላታል። «የሚሰፋ አለብኝ» ትለዋለች። አኩርፎ አያውቅም። ብቻ አንድ ቀን የትርፍ ጨርቅ ከረጢት ስፊልኝ አላት። የፊተኛው ወንበር ባዶ ከሆነ ጭራው ይከብደዋልና አሸዋ ሞልቶ ሊያስቀምጥበት ነው። አፉን ጥርቅም አድርጋ ልትሰፋው ስትል ከለከላት፤ በገመድ የሚታሰር ይሁን አለ። «አሸዋ እኮ ያፈሳል» ብላ በሙያዋ ተከራከረችው። «አፉ የሚከፈት ይሁን» ብሎ ድርቅ አለ። ከረጢቱን ሰፈሩ «ምክትሏ» ብሎ ሰየመው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው በሯ ላይ ሲያልፍ «ምክትልሽ ሄደች» እያለ ይቀልድባት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግን፣ ለምን እንደሆነ ለራሷም ሳይገባት፣ ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ለብሳ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራ ሜዳው ድረስ ሄደች። ባሏ ሱሪውን አየ፣ ጆሮው ቀላ። ነፋሱ ግን አልቆም አለ። እስከ ከሰዓት የያዙትን ቂጣ እየገመጡ ጠበቁና ተመለሱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናብ ሆነ። ከዚያ ባሏ ብቻውን ወጥቶ፣ ሲያርፍ ሜዳውን ስቶ አጠገቡ ያለ የገብስ ማሳ ውስጥ ገባ። ከገብሱ እየሳቀ ወጣ። የዓይን ሐኪሙ የነገረው ግን የሚያስቅ አልነበረም። «ሰማዩ አልጠበበም፣ ዓይኔ ነው የጠበበው» አለና ክንፎቹን ራሱ ፈታ፣ ቤንዚኑን አንጠፈጠፈ፣ አውሮፕላኑን እየጎተተ አምጥቶ አናጺ ቤቱ ውስጥ አቆመው።

«ደግሞ ወዴት ነው?» አለች የባሏ እህት።

«መጣሁ» አለችና ሰፊዋ ፔርሙዙን አስቀምጣ በጓሮ በር ወጣች።

አናጺ ቤቱ ውስጥ መካኒኩ ለነገ ጉዞ ያዘገጃጃል። ሞተሩን ከመኪና ፈትቶ ለአውሮፕላን ያስማማው እሱ ነው፤ ከባሏ ጋር እየተሰዳደቡ ያረጁ ወዳጅ። ክንፎቹ ግድግዳውን ተደግፈዋል። መካኒኩ በጨርቅ የሚወለውለው ቦታ ከተወለወለ ቆይቷል።

«እትዬ፣ ምነው ወጡ? አረፍ አይሉም?»

«አንተም ጀመርክ?»

ሳቅ አለ፣ ዓይኑ ግን ቀልቷል። «ከረጢቷን ላራግፋት እያልኩ ነበር። ለተማሪ አሸዋ ምን ይሠራለታል?» ምክትሏ የፊተኛው ወንበር ላይ በቀበቶ ታስራ ተቀምጣለች። «ስንቱን ጣሳ ጨምረንባት፣ ስንቱን ቀንሰንላት!»

«የምን መጨመር?»

መካኒኩ ጨርቁን አስቀመጠ። «አልነገረዎትም እንዴ? እርስዎን ብድግ አድርጎ ይመጣና፣ አንድ ጣሳ ጨምር፣ ወይ ግማሽ ቀንስ ይለኝ ነበር።»

ሰፊዋ ነገሩን አስታወሰች። ወጥ እያማሰለች ወይ እያጠበች ሳለ ከኋላዋ ይመጣል፣ ወገቧን ያቅፋል፣ ከመሬት ብድግ ያደርጋታል። «እህ» ይላል። ያስቀምጣታል፣ ወደ ጓሮ ይወጣል። «ተው አንተ ሽማግሌ፣ ወገብህ ይቀነጠሳል» ትለው ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ጨዋታ ይመስላት ነበር።

«ሲመዝነኝ ነው?»

«ሲመዝንዎት ነው። ጨዋታም ሳይሆን አይቀርም። እኔማ ጠይቄው ነበር፤ ጭራው እንዳይከብድ ብቻ አይደል፣ ጣሳ ቢያንስ ጣሳ ቢበልጥ ምን ይለዋል ብዬ። "የመጣች ቀን ለአውሮፕላኑ እንግዳ እንዳትሆንበት ነው" አለኝ።»

የታመመችበት ዓመት ትዝ አላት። ብድግ አድርጓት «እህ» ሳይል ቶሎ ያስቀመጣት ቀን። ወደ ጓሮ ወጥቶ እራት እስኪቀዘቅዝ አልተመለሰም ነበር።

«ያኔ ብዙ ቀንሰናል» አለ መካኒኩ፣ ያሰበችውን ያወቀ ይመስል። «እኔ ጣሳውን ይዤ፣ እሱ ፊቱን አዙሮ። ሲሻልዎት ደግሞ እየዘፈነ ነበር የሚሞላው። መብረር ካቆመም በኋላ አልተወም። ለመጨረሻ ጊዜ የሞላነው አልጋ ሊይዝ ሰሞን ነው። "ወፍራለች፣ አልነሳ አለችኝ" ብሎ ሁለት ጣሳ አስጨመረኝ።»

«አልወፈርኩም» አለች ሰፊዋ።

መካኒኩ አያት። ነገሩ ቀስ ብሎ ገባውና አንገቱን ደፋ።

ያን ቀን ታስታውሳለች። አቅፏት እግሯ ከወለሉ አልነሳ ብሎ፣ «ምን እየበላሽ ነው አንቺ?» ብሎ ስቆ፣ እሷም ስቃ ነበር። የከሱት የእሱ ክንዶች ናቸው። ከቀብር ጀምሮ አልመጣ ያላት እንባ እዚያው መጣ፤ ቆማ አለቀሰች፣ እንደ ሰው ሁሉ፣ ድምፅ አውጥታ። መካኒኩ ዝም ይበሉ አላላትም። ባይወጣላትም አቆመችና በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

«አውርዳት» አለች።

ከረጢቷን ተጋግዘው ወለሉ ላይ አቆሟት። ሰፊዋ ጎንበስ ብላ፣ ሁለት እጇን ከከረጢቷ ጀርባ አዙራ፣ ደረቷ ላይ አስደግፋ ሞከረች። አልተነቃነቀችም። የአፉን ገመድ ፈታች፣ ከመደርደሪያው ላይ ጣሳውን አነሳችና አሸዋ መቅዳት ጀመረች።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«የሱን ልክ እየፈለግኩ።»

ቀዳች። አቅፋ ሞከረች፣ ገና ነው። ቀዳች። ከመሬት ትንሽ ለቀቀች፣ ገና ነው። አሸዋው ጫማዋን ሸፈነው። አንድ ጣሳ ቀድታ፣ አመነታችና ግማሹን መለሰች። እንደገና አቀፈች። ክንዶቿ አወቁት። ከአልጋው ጠርዝ ብድግ ሲል፣ አገጩን ትከሻዋ ላይ ጥሎ «አስቸገርኩሽ» ሲላት የነበረው ክብደት ነው፤ አልጨመረም፣ አልጎደለም። ይዛው ቆየች።

«እህ» አለች።

አፉን በገመድ አሰረችና ለመካኒኩ ሰጠችው። «ከኋላ አስቀምጥልኝ።»

መካኒኩ አቅፎ ተቀበለው። ከረጢቱን የአብራሪው ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ የትከሻውን ቀበቶ አሳልፎ፣ እንደ ድሮው ሁለቴ ሳብ ሳብ አድርጎ ፈተሸው። ሰፊዋ ጥቁር ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች፣ መርገጫው ላይ ወጣች፣ እግሯን አሻገረች። የፊተኛው ወንበር ጠበብ ያለ ነው፤ ለእሷ ግን አልጠበባትም። እንግዳ አልሆነችበትም።

ከጓሮው በር ላይ የልጇ ድምፅ ተሰማ። «እማዬን አያችኋት? ሰው እየጠየቀ ነው።»

«እዚህ ናቸው» አለ መካኒኩ ጮክ ብሎ። «ቁጭ ብለዋል።»

ሰፊዋ ቀበቶዋን ሳበችና ቆለፈችው። ከዚያ እጇን በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ ዘረጋች፣ ከረጢቱ አፍ ላይ ገመዱን በጣቷ ዳሰሰችና ጠበቅ አደረገችው።