የምንጩ የመጨረሻ ዓመት

ነፃነት ስለ በረዶ ግግር ስታስተምር፣ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቿ አንዱም ግግር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የኬንያን ተራራ ግግር የድሮ ልኬቶች ሰሌዳው ላይ ጻፈችላቸው። ነጥቦቹን በመስመር አያይዘው፣ መስመሩን ወደፊት ስበው ግግሩ የሚያልቅበትን ዓመት ገመቱ።

"አሁን ደግሞ ከየሰፈራችሁ እየቀነሰ የመጣ ነገር አምጡ" አለቻቸው።

ጂቱ እንጦጦ ያለውን የቤታቸውን ምንጭ አመጣች። በየዘመኑ በሰዓት ስንት ጀሪካን ይሞላ እንደነበር አባቷን ጠይቃ ነበር። መስመሯ 2026 ላይ ዜሮን ነካ። ነፃነት ሙሉ ማርክ ሰጥታ፣ "ለአባትሽ አሳዪው" አለቻት።

በሚያዝያ፣ "አባቴ ላመስግናት ብሏል" ብላ ጂቱ ነፃነትን ወደ እንጦጦ ይዛት ወጣች። አቶ በዳዳ ከምንጩ ሥር የአፕል ችግኝ እየተከሉ ነበር።

"ቲቸር፣ ወረቀትዎ ነው ያሳረፈኝ! ጉርድ ሾላ የጥበቃ ሥራ አግኝቼ ነበር፤ ተውኩት። ስምንት ዓመት ካለን አፕሉ በደንብ ይደርሳል።"

"ስምንት?"

"ዘንድሮ አሥራ ስምንት አይደል? ወረቀቱ ሃያ ስድስት ይላል።"

ለነፃነት አሁን ገባት። የኬንያው ልኬት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለነበር ሁሉንም ወደዚያው እንዲቀይሩ ያዘዘችው እሷ ናት።

"ጋሽ በዳዳ፣ እሱ በፈረንጅ ነው። ዘንድሮ ማለት ነው።"

"የእንጦጦ ምንጭ ደግሞ በፈረንጅ ይደርቃል እንዴ!" ብለው ሳቁ። ብቻቸውን ነበር የሳቁት።

"አባዬ፣ እኔ እኮ የገባህ መስሎኝ…" አለች ጂቱ።

"መስመሩ ሊሳሳት አይችልም?" አሉ አቶ በዳዳ።

"ይችላል፤ ግምት ነው" አለች ነፃነት ፈጥና። ሦስቱም ወደ ቱቦው ዞሩ። የሚወርደው ውሃ ክር ያህላል።

አቶ በዳዳ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው፣ ስልካቸውን ይዘው ኔትወርክ ወዳለበት ወጡ። ድምፃቸው ከባሕር ዛፎቹ መሀል ይሰማል።

"አዎ፣ በዳዳ ነኝ… ለጥበቃው ነበር… እንዴ፣ ሌላ ሰው መቼ ገባ?… እሺ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ሲመለሱ ማንንም ቀና ብለው አላዩም። ከተቆፈረው ጉድጓድ ዳር ተቀምጠው ቀጣዩን ችግኝ አነሱ። ሥሩ ላይ ያለውን አፈር በጣታቸው ቀስ አድርገው አራገፉ።

"እንግዲህ እርስዎ ይንገሩኝ፣ ቲቸር። ይቺን ልትከላት ወይስ ልተዋት?"

"አይትከሏት" አለች ነፃነት። ድምጿ ለራሷም አልተሰማት።

አቶ በዳዳ አልሰሟትም፤ ችግኟን እንደያዙ መልሷን ይጠብቁ ነበር።