ጃቢር ያገኛቸው ጥንታዊ ነጋዴዎች

ጃቢር ከጎንደር ነጋዴ ቤተሰብ የተወለደ ነውና፣ ማንኛውንም ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ከየት ተጭኖ እንደመጣ ነው። አባቱ ሳንጃ እየወረዱ ሰሊጥ ሲገዙ ኖረዋል። ልጁ ግን ስለ ጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ ተምሮ ተመለሰ። እህቱ ዐዚዛ ለጠየቃት ሁሉ ወንድሟ ድንጋይ እንደሚለቅም ትናገራለች፤ እሱም ሙያውን ከዚህ አሳምሮ የሚያስረዳበት ቃል አላገኘም።

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ ከአምባ ጊዮርጊስ አለፍ ብሎ አንድ እርሻ ዳር አሥራ አራት የባልጩት ስንጣሪዎች አገኘ። ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጩ፣ ጣት የሚቆርጡ። የእሱንም ቆረጡት። በአካባቢው እንዲህ ያለ ባልጩት የሚገኝበት ዓለት እንደሌለ ያውቃል። ስለዚህ ደሙን እየመጠጠ እዚያው ቆሞ ፈረደ፦ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ከአፋር ቆላ ባልጩት ተሸክመው ወደዚህ ወደ ወገራ የሚወጡ ነጋዴዎች ነበሩ።

ወር ሳይሞላ ጎንደር ላይ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስቦ፣ ካርታ ላይ ቀይ መስመር አስምሮ፣ አርባ ደቂቃ ተናገረ። ተጨበጨበለት። አባቱ እንኳ ልጃቸው በመጨረሻ ስለ ንግድ በማውራቱ ደስ አላቸው።

ከዚያ ቦታውን ለመቆፈር የእርሻውን ባለቤት አያ ዳኛውን ሊያስፈቅድ ሄደ። ስንጣሪዎቹን ከቦርሳው አውጥቶ ሲያሳያቸው ሽማግሌው ግራ ተጋቡ።

«ምነው ልጄ፣ እነዚህ ምን ያደርጉልሃል? እኔ የጣልኋቸው እኮ ናቸው።»

አያ ዳኛው ድሮ በዋግምት የታማሚ ደም ያወጡ ነበር። በደርግ ጊዜ ምላጭ ሲጠፋ ባልጩት እየሰነጠቁ ቆዳ ይበጡበት፣ አንዴ ሰው የነካውን ደግሞ ከደጃቸው አርቀው ይጥሉት ነበር። ጃቢር የመጠጠውን ጣቱን አሰበና ዘወር ብሎ እንትፍ አለ።

ወደ ቤቱ ሮጦ ያንን ቀይ መስመር ቢያጠፋ በወደደ ነበር። ግን አንድ ጥያቄ ቀረው።

«ድንጋዩንስ ከየት አመጡት?»

ሽማግሌው የተረፋቸውን ጉማጅ ሰጡትና ጎርፍ ከእርሻው በላይ ካለው ዋሻ ሥር ጠርጎ ያወረደው መሆኑን ነገሩት። ጃቢር አገላበጠው። እሳቸው የመቱት ፊት ያብለጨልጫል፤ ሌላው ፊት ግን እንደ አመድ ደብዝዟል፤ በላዩም የሌላ እጅ ምቶች በተርታ ይታያሉ። ባልጩት የሚደበዝዘው በዘመን ብዛት ነውና፣ ከሳቸው እጅግ ቀድሞ ሌላ ሰው ጠርቦታል ማለት ነው። ስንጣሪዎቹንም ቢገለብጣቸው የስድስቱ ጀርባ ደብዛዛ ነው። እሱ ግን ለፎቶ ስለሚያምር የሚያብለጨልጨውን ፊት ብቻ ሲያነሳ ነበር የከረመው።

በዓመቱ ፈቃድ አግኝቶ ዋሻው ሥር ቆፈረ። ክንድ ያህል ወርዶ፣ ከአመድና ከአጥንት ጋር፣ እነዚያኑ ደብዛዛ ባልጩቶች አገኘ። ማንም ያልነካቸው ነበሩ። ምንጫቸው እንዲታወቅ ለምርመራ ቢልካቸው፣ ከአፋር ናሙናዎችም ሆነ ከሚታወቁት ሌሎች ምንጮች ጋር አልገጠሙም።

እዚያው አዳራሽ ተመልሶ ይህንኑ ተናገረ፤ የመጀመሪያዎቹን አሥራ አራቱን ማን እንደሰነጠቃቸውም ሳይደብቅ። በዚህ ጊዜ የመጣው ሰው ሃያ አይሞላም ነበር። አያ ዳኛው ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠው ሰሙት፤ ሲወጡም ድንጋዩ ታዲያ ከየት እንደመጣ ጠየቁት።

«አላውቅም፣ አያ ዳኛው።»

ሽማግሌውም ይህን ያህልስ እሳቸውም ሳይቆፍሩ ያውቁ እንደነበር ነገሩት። ጃቢር ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ክንዳቸውን ያዘ፤ አውቶቡሱ ሳያመልጣቸውም እየሳቀ ወደ መናኸሪያ ሸኛቸው።