የዓይን ሌንሱ ምርጫ

«የማኅበሩ አባላት ሆይ፣ ሌንሳችን ገብቷል።»

ይህን ያወጀው የልብስ ሰፊው ሚስት ወንድም ነው። ማታ ማታ ሰማይን በቴሌስኮፕ የሚያየው የዚህ ማኅበር አባላት ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ አጠገቡ ቆመዋል፣ ሦስተኛው ራሱ ነው፤ ሌንሱም ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። ሰውየው ግን ዕድሜውን ሙሉ መናኸሪያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የአውቶቡስ መነሻ ሲያስታውቅ ስለኖረ፣ ነገርን ዝም ብሎ መናገር አይሆንለትም። ጨው አቀብሉኝ ሲል እንኳ ሰው ሻንጣውን መፈለግ ይጀምራል። ሰፈሩ «ጥሩምባው» ይለዋል። ስሙን ወዶታል።

ሌላው አባል መነጽር ሠሪው ነው። እሱና ልብስ ሰፊው ጢም ሳያወጡ ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። የልብስ ሰፊውን ዓይን ከባለቤቱ ይበልጥ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ድካሙን ብቻ ሳይሆን ጥመቱን ጭምር። መነጽሩን ካወለቀ፣ ቴሌስኮፑን የቱንም ያህል ቢያጠሩለት ኮከብ ሁሉ ጭራ እንደሚያወጣበት ያውቃል። እስከ ዛሬ ያደረጋቸውን መነጽሮች በሙሉ የሠራለትም እሱ ነው። ባስረከበው ቁጥር «ፕላስቲክ ነው፤ ጠንካራ ነገር እንዳታስነካው፣ አደራ» ይለዋል፣ ልጁን እንደሚድር ሰው።

ቴሌስኮፑ የሦስቱም ነው፤ የሚተከለው ልብስ ሰፊው ቤት ጣሪያ ላይ ነው። አብሮት የመጣው የዓይን ሌንስ፣ ያ ከኋላ የሚሰካውና ዓይን የሚጠጋበት ትንሹ ዕቃ ማለት ነው፣ እይታው ጠባብ ነበር። ልብስ ሰፊው ደግሞ አንድ ነገር አምሮታል፤ ገና ሲመሽ ከጎረቤት ጣሪያ በላይ እጅብ ብለው የሚወጡትን ከዋክብት በአንድ እይታ፣ ሙሉውን ማየት። እስካሁን ያያቸው ቁራጭ ቁራጩን ነው፤ አንዴ እጅጌውን፣ አንዴ ኮሌታውን፣ አንዴ ኪሱን። ልብስ ሆኖ አላየውም።

ሰፊ እይታ ያለው ሌንስ ለመምረጥ ከመነጽር ሠሪው ጋር ሱቅ ድረስ ሄደው ነበር። ሻጩ ሁለት አወጣላቸውና በሩ ላይ ቴሌስኮፕ ተክሎ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ አሳያቸው። የመጀመሪያው ጥርሱን ከዳር እስከ ዳር ያሳያል፤ ግን ዓይን ጥብቅ ብሎ ካልተለጠፈበት አይሆንም። መነጽር ያደረገ ሰው ከመሃል አንዲት ጥርስ አይቶ ይመለሳል። ሁለተኛው በስፋት ትንሽ ያንሳል፤ ነገር ግን መነጽር እንዳደረጉ፣ ፈንጠር ብለው ሲያዩት መንጋጋው ሳይቀር ይታያል። መነጽር ሠሪው የጓደኛውን ትከሻ መታ አድርጎ «በቃ፣ ያንተ ይሄ ነው» አለው። ልብስ ሰፊው የሙሽራ ቀሚስ ይጠብቀው ስለነበር፣ ዕቃውን የማምጣቱን ነገር ለእሱ ትቶ ደስ ብሎት ሄደ።

ጥሩምባው «ገብቷል» ብሎ ያወጀው ሌንስ ታዲያ የመጀመሪያው ነበር።

«ያኛው መስታወቱ ውስጥ አረፋ ተገኘበት» አለ መነጽር ሠሪው፣ የሌንሱን ክዳን እያዞረ። «ይሄ እንዲያውም ይሻልሃል። ላንተ ስል ነው።»

ጥሩምባው ባለሙያ ከተናገረ አለቀ ብሎ፣ ምርጫው በሙሉ ድምፅ መጽደቁን አስታወቀ። ከዚያ ጣሪያ ላይ ወጡ።

በማኅበሩ ልማድ ያየ ሰው ያየውን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። መነጽር ሠሪው ዓይኑን የሌንሱን አፍ በከበበው ጎማ ውስጥ ቀብሮ፣ ከዋክብቱ ሁሉ አንድ ላይ መሆናቸውን፣ ከዳርም ጥቁር ሰማይ መትረፉን ሲናገር ድምፁ ተሰበረ። ጥሩምባው ያንኑ በሰፈር መጠን ደገመው። የልብስ ሰፊው ተራ ደረሰ። በአዝራር ቀዳዳ የሚያይ ያህል ነበር፤ አንዲት ኮከብ፣ ከዚያ ጨለማ።

«ሙሉው ይታያል» አለ።

ለምን እንዲህ እንዳለ ያውቀዋል። ጓደኛው «በመነጽርህ ሆነልህ ወይ?» ብሎ እስኪጠይቀው እየጠበቀ ነበር። ቢጠይቀው ሁሉንም ይቅር ይለው ነበር። መነጽር ሠሪው ግን «አላልኩህም?» ብሎ ጋቢናውን ዘግቶ እንደሚሄድ ሾፌር ፊቱን አዞረ።

ልብስ ሰፊው ዚፕ ሊገዛ በወጣበት ቀን በዚያ ሱቅ በኩል አለፈ። ሁለተኛው ሌንስ መስኮቱ ላይ እንዳለ ነው። ገብቶ ስለ አረፋው ጠየቀ። ሻጩ የምን አረፋ እንደሆነ አልገባውም፤ አውጥቶ በብርሃን አሳየው። እንባ ነው የሚመስለው፣ ጥርት ያለ።

«እኔማ ለእሳቸው የሚሆነው ይሄ አይደለም ወይ ብያቸው ነበር» አለ ሻጩ። «መነጽር የሚሠሩት ‹ግድ የለም፣ እሱ ይለምደዋል› አሉኝ። ዕቃውን ሊወስዱ ሲመጡ አብረዋቸው የነበሩት ደግሞ ‹ለእሱ እንዳንነግረው› ብለው አንሾካሾኩ። መንገዱ ሁሉ ሰምቷል፤ እርስዎ ብቻ ነዎት ያልሰሙት።»

የዚያን ቀን ልብስ ሰፊው ለአንድ ኮት ሁለት የግራ እጅጌ ቆረጠ። ሙያውን ከተማረ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብሎ ተነሣ፤ ጣሪያው ላይ ሲደርሱ ግን ሳይነግራቸው ሌንሱ ላይ አጎነበሰ። «ይለምደዋል» ያለው ሰው ፊት ቆሞ አልለመድኩም ማለት ከበደው።

ስለዚህ መልመድ ያዘ። ጎማውን ወደ ታች አጥፎ፣ መነጽሩን ባዶው ብረት ላይ ይጫናል፤ ወደ ግራ ገፋ፣ ወደ ቀኝ ገፋ፣ እንደገና ጫን። የአዝራሩ ቀዳዳ አልሰፋም። የጎደለውን ከሁለቱ ወሬ እየቀጠለ ይናገር ጀመር፤ ውሎ አድሮ ከሦስቱም አሳምሮ የሚተርክ እሱ ሆነ። መነጽር ሠሪው «ለመድከው አይደል?» ባለው ቁጥር ትረካው ላይ አንዲት ኮከብ ይጨምራል።

አንድ ምሽት ደመና መጣና ዕቃቸውን ይዘው ቶሎ ወረዱ፤ ሌንሱን ነቅለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሚስቱ ሻይ ቀዳችላቸው። ጥሩምባው ብርጭቆውን ይዞ ተነሣ፤ ማኅበሩ በሌንሱ ምርጫ ፍጹም መርካቱን፣ በተለይም አማቹ እንዴት እንደተደሰተ ሁሉም ምስክር መሆኑን አወጀ። መነጽር ሠሪውም አንገቱን ሰበር አድርጎ «ለሱ ስል ነዋ» አለ።

ልብስ ሰፊው ሻዩ ላይ ሲያጎነብስ መነጽሩን እንፋሎት ሸፈነው። ሚስቱ ከፊቱ ላይ አወለቀችና በሻርፗ ጫፍ ትጠርገው ጀመር። ጠረገች፣ ተነፈሰችበት፣ ደግማ ጠረገች።

«ይሄ አይለቅም» አለች። ወደ አምፖሉ አስጠጋችው። የቀኙ ሌንስ ላይ ጭረት በጭረት የተደራረበ ክብ አለ። «እስቲ አንተ እየው፣ የሠራኸው አንተ ነህ። ምን ነክቶት ነው?»

መነጽር ሠሪው ተቀበላት። የማይለየውን ጨርቅ ከደረት ኪሱ አወጣ፤ ክቡን አየ፤ ጨርቁን መልሶ ከተተና መነጽሩን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጥሩምባው አፉን ከፈተ፤ የሚያስታውቀው ነገር አጣ።

«ወይ ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ዛሬ ምን ሆንክ?» አለችው እህቱ።

ራሷም በክቡ ልክ የሆነ ዕቃ መፈለግ ያዘች። የሻይ ብርጭቆውን አስደግፋ ለካችው፤ ሰፋ። የኮት አዝራር አነሣች፤ ጠበበ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የዓይን ሌንስ አነሣችና፣ ጎማው እንደታጠፈ ብረቱን ወደ ታች አድርጋ ክቡ ላይ አስቀመጠችው።

በልኩ እንደተሰፋ ልብስ ልክክ አለ።