ደጃፌ ላይ የተከልኩት እሬት

ባሌ ኢብራር መኪናውን ወደ ኋላ ሲያስወጣ የማይረግጠው ነገር የለም። በመኪና መግቢያችን ግራና ቀኝ የተከልኩትን ጽጌረዳ በጎማው ጨረሰው። የተረፈውን ጥማት ፈጀው። እኛ ሰፈር፣ ዓለም ባንክ፣ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ እኔ ደግሞ አየር ጤና ካለው ሱቄ የምመለሰው መሽቶ ነው። ማን ያጠጣ? ኢብራር እንደሆነ አበባና ጎመን የማይለይ ሰው ነው።

በዚህ መሀል ልጃችንን ሰልዋን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች እሁድ እንደሚመጡ ተነገረን። ልጁ ፈሀድ ይባላል፤ ሰልዋ ትወደዋለች፣ እኔም ወድጄዋለሁ። የሚያስፈሩት አያቱ ሀጂ ናቸው። ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ፣ እሳቸው ካልወደዱ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። ለሌላው የልጅ ልጃቸው ሽማግሌ ሄደው፣ ደጃፉን ብቻ አይተው ሳይገቡ ተመለሱ ሲባል ሰምቻለሁ።

ስለዚህ ደጃፌ ማማር ነበረበት። ያውም ያለ ውሃ፣ ያለ ኩትኳቶ፣ ኢብራር ቢሄድበትም የማይሞት ነገር! አሰብኩ አሰብኩና እሬት ትዝ አለኝ። ጎረቤቴ ገበያነሽ ጓሮ ሞልቶ ተርፏል። ከእሷ አምጥቼ ግራና ቀኝ በረድፍ ተከልኩት። አረም እንዳያበቅል ሥሩ ጠጠር አፈሰስኩ። ጎማ እንዳይወጣበት በየመሀሉ ትልልቅ ድንጋይ አቆምኩና ኖራ ቀባሁት። በሩ ላይ ቆሜ ሳየው ራሴን አደነቅኩ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሀጂ ከመኪና ወርደው ከዘራቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙ። ወደ ግራ አዩ፤ ነጭ ድንጋይ፣ እሬት፣ ነጭ ድንጋይ፣ እሬት። ወደ ቀኝም አዩ። ከዚያ ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ከተው መዳፋቸውን ዘረጉና ለሙታን ዱዓ ማድረግ ጀመሩ። ከኋላ ያሉት ሽማግሌዎችም ምንም ሳይጠይቁ ዘረጉ። ሊቀበላቸው የወጣው ኢብራርም አብሮ ዘረጋ፤ የገዛ ቤቱ በር ላይ!

ያኔ ነው የገባኝ። የእናቴ መቃብር ቁርጥ ይሄንን ነው የሚመስለው፤ ነጭ ድንጋይና እሬት። እንዴት አልታየኝም? የልጄን ሠርግ በገዛ እጄ ቀበርኩት አልኩ።

ሀጂ «አሚን» ብለው ፊታቸውን አበሱና ወደ እኔ ዞሩ። «ማን ነው እዚህ ያረፈው ልጄ?»

«ማንም የለም ሀጂ። ለጌጥ ነው። ውሃ አይፈልግም ብዬ ነው...»

ሰልዋ መስኮቱ ጋ ሆና በሻሿ አፏን ሸፍናለች። ሀጂ ጎንበስ ብለው አንዱን ቅጠል ዳሰሱት።

«ምንም ውሃ አይፈልግም?»

«ምንም።»

«ሲረግጡትስ?»

«እሱን ኢብራርን ይጠይቁት» አልኩ፤ አመለጠኝ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሀጂ ግን አልሳቁም። «ባለቤቴ መቃብር ላይ ልጆቹ አበባ ይሻላል ብለው ተከሉ» አሉ። «እኔ እግሬ እንደ ድሮው አይሄድልኝም። የሚያጠጣላት ጠፋ። በሄድኩ ቁጥር ደርቆ ሳየው ያመኛል። ከዚህ ትንሽ ትሰጪኛለሽ?»

አንጀቴን በሉት። የክት ቀሚሴን ሰብስቤ ተንበረከኩና ከሥሩ ያቆጠቆጡትን ትንንሾቹን ነቅዬ በፌስታል ሰጠኋቸው። ፌስታሉን ለማንም አልሰጡም፤ ሳሎን ገብተው ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡት፣ «ልጅ ልንጠይቅ መጥተን ቀድመን እሬት ወሰድን። አሁን ልጅቷን ስጡን» አሉ።

ወጉ እንመካከር ብሎ ሌላ ቀጠሮ መስጠት ነው። ኢብራርን ልቆነጥጠው እጄን ስሰድ እሱ «ሰጥተናል!» ብሎ ጨርሷል።

የሠርጉ ዕለት እሬቱ ቀይ አበባ አውጥቶ ነበር። ኢብራር መኪናውን እኔ ነኝ የማስወጣው ብሎ አንዱን ረገጠው፤ አልሞተም። ሙሽሮቹ ሊሄዱ ሲሉ ሀጂ በሩ ላይ ቆሙና ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ከተው መዳፋቸውን ዘረጉ። ክው አልኩ።

«ሀጂ፣ ማንም የለም አልኩዎት እኮ!»

«አውቃለሁ ልጄ። ይሄ ለሚኖሩት ነው» አሉኝ።

ሁላችንም ዘረጋን። ማልቀሴን ያወቅሁት አሚን ስል ነው።