ደፍ የሌለው ቤት

አናጢው ዓሊዩ ወደ ድንኳኑ ሲገባ ሳህሊቱ አየችውና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ሰውየው እንደ ሌላው ለቀስተኛ ቀርቦ ሊያጽናናት ሁለት እርምጃ ከተራመደ በኋላ ሐሳቡን ለወጠና ከመግቢያው አጠገብ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እሱ ነው ቤቱን የሠራለት» አለች አንዲት ሴት አጠገቧ ላለችው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እሱ ነው?»

«አዎ። ሰውየው ብቻውን ሞተ እኮ። እህቱ ሃያ እርምጃ ላይ ተኝታ።»

ሳህሊቱ ሰማች። የሐዘኑ ሁለተኛ ቀን ነበር፤ ይህንኑ ነገር በሁለት ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማችው አታውቅም። ከፊቷ የተቀመጠውን ንፍሮ አልነካችውም።

ወንድሟ ጀምበሩ የሞተው በኩላሊት ሕመም ነው። ትኩሳቱ በሦስት ቀን ውስጥ ጣለው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩ ሳይከፈት ረፈደ። ሳህሊቱ ከደጅ ቆማ ስሙን እየደጋገመች ጠራች፤ ገብታ ያየችው ግን ጎረቤቷ ሞሚና ናት። አስከሬኑ ወደ ሳህሊቱ ቤት ተወስዶ ተገነዘ። ለቀስተኛው የማያውቀው፣ ወይም እያወቀ የማያነሣው ነገር፣ እሷ የወንድሟን ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ ረግጣው የማታውቅ መሆኗን ነው።

ጀምበሩ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በ1972 ዓ.ም. ከሚኤሶ ወደ አሰበ ተፈሪ የሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ማሽላ የጫነ መኪናው ተገለበጠ። ረዳቱ አቧራውን አራግፎ ተነሣ። የጀምበሩ ወገብ ግን ተሰብሮ ነበር። ሐኪም ቤት አምስት ወር ተኝቶ ሲመለስ ሌሎች ሾፌሮች ተሸክመው ሳህሊቱ አልጋ ላይ አስቀመጡት። ከወገቡ በታች ቢወጉት አይሰማውም ነበር።

እናታቸው ስትሞት ጀምበሩ የአራት ዓመት ልጅ፣ ሳህሊቱ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ያሳደገችው እሷ ናት። ባሏ ስለሞተና ልጅም ስላልነበራት፣ ወንድሟ እንዲያ ሆኖ ሲመጣ ምን ላድርግ ብላ ማንንም አልጠየቀችም። አጠበችው፣ አበላችው፣ ፀሐይ ሊሞቅ ሲፈልግ አዝላ ታወጣው ጀመር። ሰው ሁሉ መረቃት። ከአሰቦት ገዳም የመጡ አንድ መነኩሴ ሳይቀሩ «እንዳንቺ ያለ እህት የለም» ብለዋታል።

ሾፌር ጓደኞቹ ከአሮጌ መኪና ኩሽኔታ ፈተው አራት ጎማ ያላት ጣውላ ሠሩለት። በእጁ መሬት እየገፋ ቤት ውስጥ መንቀሳቀስ ቻለ። አንድ ቀን ሳህሊቱ ገበያ ሄዳ ስትቆይ ሻይ ሊያፈላ ወደ ምድጃው ተጠጋ። ፍሙ እግሩ ላይ ሲወድቅ አላወቀም። ያወቀው ሲሸተው ነው። ስትመለስ የቀኝ እግሩ ጣቶች ተቃጥለው አገኘቻቸውና እዬዬ ብላ አለቀሰች።

ቁስሉን አራት ወር አከመችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ምድጃ እንዳይጠጋ ከለከለችው፤ ስትወጣ ጣውላዋን ከአልጋው አርቃ ታስቀምጣለች። ውሃ አጠገቡ ታስቀምጥለታለች፣ ዳቦ አጠገቡ፣ ፖፖውን አጠገቡ። በሩን ትቆልፋለች። ይህን ያደረገችው ስለምትወደው ነው፤ በዚህ እሱም ተጠራጥሮ አያውቅም።

በ1974 ዓ.ም. አንድ ማታ እራት እየበሉ «እታለም» አላት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚጠራት። «ግቢው ጫፍ ላይ ቤት ልሠራ ነው።»

«ምን የሚሉት ቤት?»

«እኔ የምኖርበት።»

«እዚህ ምን ጎደለብህ?»

«ምንም አልጎደለብኝም። ውሃ ሲጠማኝ ራሴ ቀድቼ መጠጣት ነው የፈለግኩት።»

«ጠርተኸኝ መቼ ቀረሁ?»

«አልቀረሽም» አለ። «እሱ ነው ያስቸገረኝ።»

አልገባትም። ወይም ገብቷት አልተቀበለችውም።

አናጢ ሆኖ የመጣው ዓሊዩ ነበር። ዓሊዩ ሜትሩን አውጥቶ ስለ በሩ ስፋት ሲጠይቅ ጀምበሩ መልስ ከመስጠት ይልቅ ገመድ አስመጣ። የአናጢውን ሁለት እግር ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አሰረና ጣውላዋ ላይ አስቀመጠው። «መጀመሪያ አንድ ቀን እንደኔ ዋል» አለው። «ከዚያ እንለካለን።»

ሳህሊቱ ያን ዕለት ቦርደዴ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ ያየችውን አትረሳውም። ዓሊዩ እግሩ እንደታሰረ ወለሉ መሐል ተቀምጧል፤ ከእንስራው ውሃ ሊቀዳ ሲሞክር ደፍቶበት ሱሪው ርሷል። የበሩን ደፍ ሊሻገር ሞክሮ ጉልበቱ ተልጧል። «ሂን ደንደአሙ» ይላል በኦሮምኛ፣ «አይቻልም፣ ይሄ ቤት ለሰው አልተሠራም።» ጀምበሩ አልጋው ላይ ሆኖ ይስቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም ነበር። ደስ ሊላት ሲገባ ተከፋች። ዓሊዩ «ይሄ ቤት» ያለው የእሷን ቤት ነበር።

ቀበሌው ፈቀደ፤ ቤቱም በሁለት ወር አለቀ። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከመንገዱ ወደ በሩ የሚወስደው ድንጋይ ንጣፍ ቀጥ ብሎ ቢመጣ ዳገት ስለሚሆንበት ሁለት ቦታ ተጠማዝዞ ዞረ። በሩ ደፍ የለውም። ሥራው የተለካው ጀምበሩ ጣውላዋ ላይ ተቀምጦ በሚዘረጋው ክንድ ነበር።

የሚገባበት ቀን ሳህሊቱ ደጇ ላይ ቆመች።

«ወንድሟን አስወጣችው ነው የሚለኝ አገሩ» አለች።

«ሃያ እርምጃ እኮ ነው፣ እታለም።»

«ሃያም ይሁን መቶ። እግሬን አላስገባም። በማርያም።»

አላስገባችም። ከግቢው መሐል ቆመው ያወሩ ነበር፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ስኳር ሰልፍ፣ ስለ ጎረቤት። ወጥ ከላከችለት ሳህኑን አጥቦ፣ ጣውላዋን እየገፋ ራሱ ይመልሳል። በእጅ በምትዞር የልብስ ስፌት መኪና የሰው ልብስ መስፋት ጀመረ፤ ደንበኞቹም በዝተው ነበር። «ግቢ» ብሏት ሁለቴ ለምኗታል። በሦስተኛው ዓመት መለመኑን ተወ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሞሚና በፔርሙስ ሆጃ ይዛ መጣች፣ የቡና ቅጠል በወተት የተፈላ። ለሳህሊቱ ቀዳችላት።

«ጠጪ፣ እህቴ። በባዶ ሆድ ለቅሶ አይሆንም።»

«ገብተሽ ስታይው እንዴት ነበር?» አለቻት ሳህሊቱ።

ሞሚና ፔርሙሱን ከደነችው። «አልጋው ላይ ነበር። ጋቢውን ለብሶ። አጠገቡ ውሃ ነበር፣ ግማሹን ጠጥቶታል።»

«ማን ቀድቶ ሰጠው?»

«ማን ይሰጠዋል? ራሱ ነዋ።»

ሳህሊቱ ሲኒውን አስቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ድንኳኑ መግቢያ፣ ወደ ዓሊዩ ሄደች።

«እኔ ቤት ቢሆን እሰማው ነበር» አለችው። «ሲያቃስት እሰማው ነበር። አንተ ነህ ያራቅኸው።»

ዓሊዩ ከመቀመጫው ተነሣ። ጎንበስ እንዳለ «እትዬ፣ ይሁን» አለ። ሳህሊቱ እንዲከራከራት ፈልጋ ነበር። ጥቂት ቆማ ጠበቀችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሣ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ በለጠ ወደ እሷ ቀረቡ። ቀበሌው ስለ ቤቱ መጠየቁ እንደማይቀር፣ ዕቃው ዛሬ ቢወጣ እንደሚሻል ነገሯት። «ሁለት ልጆች ልላክልሽ፣ አንቺ አረፍ በዪ።»

«አይ። እኔ ነኝ የማወጣው» አለች። ከዚያም አግዳሚ ከሚሸከሙት መሐል ዓሊዩን በዓይኗ ፈለገች። «አንተም ና። የቱ ዕቃ የምን እንደሆነ ታውቃለህ።»

በተጠማዘዘው ንጣፍ ላይ ተከትላው ሄደች። ቤተ ክርስቲያን የምትገባ ይመስል በሩ ላይ ጫማዋን ስታወልቅ ዓሊዩ አልከለከላትም።

ገብታ ቆመች። የመጀመሪያው ነገር፣ የምትይዘው አጣች። መቀርቀሪያው ጉልበቷ ጋ ነው። መስኮቱን ለማየት ጎንበስ ማለት ነበረባት፤ ጎንበስ ስትል የሐረር መንገድና የሚያልፉት መኪኖች ታዩ። ከጣሪያው የዝናብ ውሃ የሚቀበለው በርሜል ደጅ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ቧንቧው ግድግዳውን በስቶ ገብቶ ከወለሉ ሁለት ስንዝር ከፍታ ላይ ያበቃል። ከአልጋው በላይ ከወራጁ የተንጠለጠለ ገመድ አለ።

«በዚህ ነበር ተስቦ የሚወጣው» አለ ዓሊዩ።

ምድጃው በድንጋይ ተነሥቶ፣ ለተቀመጠ ሰው ደረት ትክክል ነው። ከፊቱ የሸክላ ከንፈር ተበጅቶለታል።

«ይሄስ?»

«ፍሙ እግሩ ላይ እንዳይወድቅ። እትዬ ሁለተኛ እንዲያ አድርጋ አታልቅስብኝ ነው ያለኝ።»

ሳህሊቱ በጣቷ ከንፈሩን ዳሰሰችው። አመድ የለበትም፤ ንጹሕ ነው።

ከመስኮቱ በስተቀኝ ግድግዳው ላይ የተጣበቀ፣ ከፊት የእንጨት እግር ያለው አንድ የጣውላ መደብ አየች። በቤቱ ካለው ዕቃ ሁሉ እሱ ብቻ ከፍ ያለ ነው። መደርደሪያ መሰላት፤ ግን ምንም አልተደረደረበትም። በልብስ ቁራጭ የተሰፋ ትራስ ተነጥፎበታል። ትራሱ አዲስ ነው፤ የተቀመጠበት የለም።

«ይሄን እንዴት ይደርስበት ነበር?»

«አይደርስበትም» አለ ዓሊዩ። «የአንቺ ነው።»

ዞር ብላ አየችው።

«መጀመሪያ ያሠራኝ እሱን ነው፣ ከአልጋው በፊት። በየዓመቱ ለፋሲካ አዲስ ትራስ ይሰፋ ነበር፣ የማነጥፍለት እኔ ነኝ። ቁመቱ ስንት ይሁን ስለው እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። እዚህ ድረስ፣ ረጅም ናት አለኝ። እኔ ደግሞ ኧረ እትዬ ይሄን ያህል ረጅም አይደለችም አልኩት። አንተ አታውቃትም አለኝ።»

ሳህሊቱ ወደ መደቡ ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታ ለመቀመጥ በሁለት እጇ ጠርዙን ይዛ መንጠልጠል ነበረባት። ተቀመጠች። እግሮቿ ወለሉ ላይ አልደረሱም፤ አየር ላይ ቀሩ።

ዓሊዩ አየና ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«መጋዝ ይዣለሁ» አለ። «የመደቡን እግር ልቁረጠው? አንድ ክንድ ቢወርድ ይበቃሻል።»

«ተወው» አለች።

ትራሱን ከሥሯ አስተካከለች፤ እግሮቿን እንደተንጠለጠሉ ተወቻቸው።