ለጉልበቷ የተሠራ ትራስ

ሶፋ ሠሪው በትዳሩ አንድ ቅሬታ ብቻ ነበረው፤ ሚስቱ እንክብካቤ አትወድም። ስለዚህ ቀኝ ጉልበቷ አብጦ እንደ እሳት ሲግል፣ ትኩሳትም አልጋ ላይ ሲጥላት፣ አዘነም፣ እግዜር ይቅር ይበለውና ትንሽም ደስ አለው። በመጨረሻ ተራው ደረሰ!

ልብስ ሰፊ ናትና «የስፌት መኪናው ፔዳል ነው፣ ይለቀኛል» አለች። እግሯን መሬት ማስነካት ሲያቅታት ግን አልሰማትም፤ ተሸክሞ ታክሲ ውስጥ አስገባት። ሐኪሙ ከመገጣጠሚያዋ በመርፌ የቀዳው ፈሳሽ የደፈረሰ ነበር።

«ባክቴሪያ ገብቷል» አለ። «ብትዘገዩ መገጣጠሚያውን ይበላው ነበር።»

በዚያው ዕለት ጉልበቷን ከፍተው አጠቡላት፤ ለሳምንታት የምትወስደውም መድኃኒት በደም ሥሯ ይንጠባጠብ ጀመር።

ትኩሳቱ ለቀቃት፣ እብጠቱም ጎደለ። ሕመሙ ግን ጉልበቷን ካላጠፈች አያስተኛትም። ሶፋ ሠሪው ይህን ሲያይ ወደ ሱቁ ሮጠ። ከምርጡ ስፖንጅ ቆርጦ፣ ሰማያዊ ከፋይ አልብሶ፣ ልክክ ያለ ትራስ ይዞ ተመለሰ። ከጉልበቷ ሥር ሲያስገባላት ፊቷ ፈታ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለካ ሙያም አለህ!»

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ለመጣ ጠያቂ ሁሉ ትራሱን እንደ በኩር ልጁ ያስተዋውቅ ነበር። ወጣቷ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስትመጣም ደረቱን ነፋ። እሷ ግን ትራሱን ስባ አወጣችው።

«ጋሼ፣ ይህን ማን አደረገው?»

«እኔ ነኛ!»

«ሥራው ያምራል። ግን ጉልበቷ ታጥፎ ከሰነበተ እንደታጠፈ ይቀራል። ባክቴሪያውን መድኃኒቱ ይገድለዋል፤ እግሯን መዘርጋት ግን የሷ ሥራ ነው። ወደ ፍራሹ እየተጫነች ትለማመድ።»

«ካመማትስ?»

«ያማታል።»

ባለሙያዋ እንደወጣች ሚስቱ እጁን ያዘች። «የኔ ጌታ፣ ትራሱን መልስልኝ። ለትንሽ ጊዜ ብቻ፣ እባክህ።»

ከተጋቡ ጀምሮ «እባክህ» ብላው አታውቅም። ስንት ዘመን የጠበቀው ቃል መጣ፤ የመጣው ግን በማይሆን ሰዓት። እጁ ወደ ትራሱ ሄደ። በዓይነ ሕሊናው ግን ፔዳሉ ላይ የማይደርስ ቆልማማ እግር ታየው።

«አይሆንም።»

«ምን አልክ?»

«አይሆንም እመቤቴ። ከፈለግሽ ስደቢኝ።»

ሰደበችው። እሱን ስትጨርስ ወደ አባቱ ተሻገረች፣ ከዚያም ወደ አጎቱ መላጣ። አንድ ስድብ በወረወረች ቁጥር ጥርሷን ነክሳ ጉልበቷን ወደ ታች ትጫናለች። እሱም አዝኖ ትራሱን እንዳያቀብላት እጆቹን ጭኑ ሥር ቀብሮ «እሱስ እውነትሽን ነው፣ ቀጥዪ» ይላታል። አክስቱ ጋ ሲደርሱ ሳቋ አመለጣት። በጉልበቷና በፍራሹ መካከል የነበረው ክፍተት ትንሽ ጠብቦ ነበር።

«ሌላ ዘመድ የለህም እንዴ?» አለች ላቧን እየጠረገች።

«በእናቴ በኩል ገና አልጀመርሽም» አለና ወንበሩን አስጠጋ።