በእናቷ ነጠላ የተሸፈነው

"ሠላሳ ሁለት ኢንቹ ይበዛብኛል" አለች አምለሰት። "ተጠግቼ ነው የምጽፍበት፤ ዓይኔን ያጠፋዋል።"

ባለሱቁ ይሄይስ ትልቁን ቴሌቪዥን አጥፍቶ ከመደርደሪያው ጥግ ሃያ አራት ኢንቹን አወረደ። "ይሄ ያገለገለ ነው፤ ጭረት ግን የለውም። የኮምፒውተር ገመድ የሚገባበትም ከጀርባው አለ።"

አምለሰት ገመዷን ይዛ ነበር የመጣችው። ከይሄይስ ኮምፒውተር ጋር አገናኝተው አንድ የተጻፈ ገጽ ከፈቱ። ፊደሉ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ዳርና ዳሩ ላይ ያለው ግን ተቆርጧል። ይሄይስ በሪሞቱ የምስሉን ልክ ሲያስተካክል የጎደለው ሁሉ ገባ። እሷም ጎንበስ ብላ "ሐ"ን ከ"ሕ" እየለየች እስከ ታች አነበበች። ይሆናል።

የጽሕፈት ቤቷ ሞኒተር ማክሰኞ ዕለት መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጥሎባታል። አዲስ ሞኒተር ልግዛ ብትል ዋጋው የዚህ እጥፍ ነው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ የአስተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት ተይባ ማስረከብ አለባት፤ ካልደረሰላት ሥራው ለሌላ ይሰጣል፣ አንዴ የሄደ ሥራ ደግሞ አይመለስም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እናቷ ደስታነሽ ካረፉ ገና ሃያ ሦስት ቀናቸው መሆኑም እውነት ነው። በሐዘን ቤት የነበረው ቴሌቪዥን እንኳ ይጠፋል፤ አርባ ሳይወጣ አዲስ ገዝታ የገባች ልጅ ስሟ እናቷ አገር ማንኩሳ ድረስ ይነሳል።

"ካርቶን የለውም፤ እንዲሁ ትይዢዋለሽ" አላት ይሄይስ።

"እንዲሁማ አልይዘውም።"

"ለሥራ ነው በያቸዋ።"

"ለስንቱ ልንገር?"

ከትከሻዋ ላይ ነጠላውን አውርዳ ቴሌቪዥኑን ጠቀለለችበት። ነጠላው የእናቷ ነበር። ሌላ ጨርቅ ስላልያዘች ነው እንጂ፣ ይህን ስታደርግ ልቧ ደስ አላለውም።

ባጃጅ ውስጥ ገብታ ዕቃውን ጭኗ ላይ ካስቀመጠች በኋላ ነው ከጎኗ የተቀመጡትን ያየቻቸው። እትየ በለጠች ናቸው። ከእናቷ ጋር ሠላሳ ዓመት የማርያምን ጽዋ የጠጡ የማንኩሳ ሴት፣ ለገበያ መጥተው ኖሯል።

"እግዜር ያጽናሽ ልጄ። ነጠላው የደስታነሽ አይደለም?" አሉ ጥለቱን እየዳሰሱ።

"ነው፣ እትየ።"

"አወቅሁት። ፎቶዋን አሳድገሽ ነው፤ ለአርባዋ።"

እዚህ ላይ "አይደለም" ማለት ነበረባት። አንዲት ቃል ናት። አፏ እምቢ ብሏት አንገቷን ደፋች፤ ሐዘንተኛ አንገቷን ከደፋች ደግሞ ማን ሁለተኛ ይጠይቃታል?

እትየ በለጠች ጎንበስ ብለው ነጠላውን ቀኝና ግራ ሳሙት። ከዚያም ግንባራቸውን መሐሉ ላይ አስደገፉ። "አንቺ ደስታነሽ፣ እኔን ቀብረሽ መሄድ ሲገባሽ" አሉ እያለቀሱ። "ልጅሽ አልረሳችሽም፣ እህቴ።" በተደገፉት ቁጥር ከጨርቁ ሥር ፕላስቲኩ ሲንቋቋ አምለሰት ትሰማለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የፎቶው ነገር ነው። የእናቷ ፎቶ ስልኳ ውስጥ ነው ያለው፤ አሳድጋለሁ ብላ አንድ ቀንም አላሰበችም። ለአርባው ያላሰበችውን ሰው አሰበላት፣ እሷም ዝም ብላ ምስጋናውን ተቀበለች።

ጽሕፈት ቤቷ አጠገብ ሲወርዱ ባለባጃጁ ሒሳብ አልቀበልም አለ። "ለእናትሽ ነፍስ ይሁን" ብሎ ሄደ።

እትየ በለጠች የዕቃውን አንድ ጎን ደግፈው ከጎኗ ይራመዳሉ። "ለማኅበሩ ሁሉ እነግራለሁ" አሉ። "ዳሱ ውስጥ ከፊት ይቆማል። ሰው ሁሉ ያያታል።"

አምለሰት ቆመች።

"እትየ፣ ይቅር ይበሉኝ። ፎቶ አይደለም።" ነጠላውን በአንድ በኩል ገለጠችው። "ቴሌቪዥን ነው። የኮምፒውተሬ መስታወት ተቃጥሎብኝ፣ ሥራው እንዳይሄድብኝ ነው የገዛሁት።"

እትየ በለጠች ጥቁሩን መስታወት አዩት። የራሳቸው ፊት ነበር የሚታየው። የራሳቸውን ነጠላ ጫፍ አንስተው አፋቸውን ቀስ ብለው ጠረጉ።

"ቴሌቪዥን አስሳምሽኝ እኮ" አሉ።

"አዎ።"

"ዝም ብለሽ አየሽኝ።"

"አፈርኩ፣ እትየ። ከአፌ አልወጣ አለኝ።"

አሮጊቷ ወዲያ ማዶ አዩ። ጋሽ ወልደ ዮሐንስ የጽሕፈት ቤቷ ጎረቤት ናቸው፤ በረንዳቸው ላይ ይሰፋሉ፣ ቁልፏንም ይጠብቁላታል። የሲንጀር ስፌት መኪናቸውን እግር አቁመው ወደ እነሱ እያዩ ነው። ከአጠገባቸው ልብስ የሚያስለኩ ሁለት ሴቶች አሉ። እትየ በለጠች ቶሎ ብለው ነጠላውን ወደ ላይ ሳቡና መስታወቱን ሸፈኑት።

"ይቅር። ሸፍነሽ ግቢ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ፎቶ ነው ብያለሁ፣ ፎቶ ነው። እኔ አላየሁም። የሰውን አፍ አታውቂውም፣ ልጄ።"

ደስ አላት፤ መዋሸት ምን ያደርጋል። ሃያ እርምጃ ነው የቀራት፤ ፎቶ ነው የሚሉላት ምስክርም አጠገቧ ቆመውላታል። የእትየ በለጠች ከንፈር ግን ገና ይንቀጠቀጥ ነበር።

ነጠላውን ከቴሌቪዥኑ ላይ ሙሉ ለሙሉ ገፈፈችው። አራግፋ ትከሻዋ ላይ አደረገችው፤ እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዞረች። ቴሌቪዥኑን ደረቷ ላይ አቅፋ መንገዱን ተሻገረች።

"ጋሽ ወልደ ዮሐንስ፣" አለች ሁለቱ ሴቶችም እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "በሩን ይክፈቱልኝማ። ቴሌቪዥን ገዝቼ ነው።"